ከባልዲው አጠገብ የተተወ ቦታ

የሰበታው እስር ክፍል በር ተከፍቶ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ክፍተቱን ነው። ሰው በጎኑ ተደርድሮ ተኝቷል፤ አንዱ ካልተገላበጠ ሌላው መገላበጥ አይችልም። ከሽንት ባልዲው አጠገብ ከተጋደመው ሰውዬ ጎን ግን አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ባዶ ነበር። ወደዚያ ሳመራ የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ እጄን ያዙኝ። የተፍኪ ገበሬ ናቸው፣ ሽማግሌ። በሩ ላይ ሲጠይቁኝ መምህር መሆኔን ነግሬያቸው ነበር።

"እዚያ አይደለም፣ ባርሲሳ" አሉኝ በጆሮዬ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። "ጆሮ ጠቢ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ሰውዬው ከደቡብ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ከሁላችንም በላይ ወደ ቢሮ ይጠራል፤ አንድ ቀን ሲመለስ አፉ የሥጋ ወጥ ሸቷል አሉ። ማስረጃው ይኸው ነው። እኔ ደግሞ አመንኩ። የታሰርኩት ለተማሪዎች ተናገርክ በተባልኩት ነገር ስለሆነ፣ ሰውዬው "ቲቸር፣ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?" ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባዮሎጂ መሆኑን ከሌሎቹ ሰማ።

አንድ ከሰዓት ካቦው ሲያሸልቡ ተጠጋኝ። እሱ ሲያዝ ሚስቱ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱን ሊይዙ ሲገቡ ተገፍትራ ደረጃው ላይ ወድቃለች።

"ልጅ ከአንድ ነገር ነው አሉ የሚጀምረው። ዓይን የሚሆነውና ልብ የሚሆነው በምን ይለያል? ስትወድቅ ቦታ ቦታው ተደባልቆ ቢሆንስ?"

ወጥመድ መሰለኝ። በፅንስ ምን ወጥመድ እንደሚጠመድ ግን አላውቅም። ከዚያ እጁን አየሁ፤ ነፍሰ ጡሯ እሱ የሆነ ይመስል የገዛ ሆዱን ይዳብሳል። ሰላይ እንዲህ አይፈራም ብዬ አሰብኩ፤ ወይም ደህና አድርጎ ሠልጥኗል። የመጣው ይምጣ ብዬ መለስኩለት።

መጀመሪያ ሕዋሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው አልኩት። ማንኛውም ማንኛውንም መሆን ይችላል። አንዱን ቆዳ፣ አንዱን ነርቭ፣ አንዱን ልብ የሚያደርገው የተቀመጠበት ቦታና ጎረቤቶቹ የሚልኩለት ምልክት ነው። ገና በጠዋቱ አንስተህ ሌላ ጋ ብታስቀምጠው የአዲሱን ቦታ ዕጣ ይይዛል። ከቆየ በኋላ ግን የትም ብትወስደው መጀመሪያ የተባለውን ይሆናል።

"የልጅህ ቦታ የተደለደለው ከመውደቋ በፊት ነው። መውደቅ አይደባልቀውም። ሌላ ጉዳት ካለ ሐኪም ይያት።"

"ጌታ ይባርክዎት" አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

የተናገርኩት እኔው ላይ ዞረ። ይህን ሰው ከባልዲው ጎን አስተኝተን፣ ከማዕድ ለይተን፣ ጆሮ ጠቢ ካልነበረም ልናደርገው ነው። ራት ከተበላ በኋላ ጨርቄን ይዤ ክፍተቱ ላይ ተኛሁ። ካቦው ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ።

"እዚህም ታስተምራለህ አሉ" አለኝ።

ሰውዬው ይሆን? ወይስ ተኝተዋል ያልኳቸው ካቦው?

"ከተጠየቅሁ አስተምራለሁ" አልኩት።

ስመለስ ክፍሉ በሙሉ አየኝ። የነገረብህ እሱ ነው ብለው እንደሚያስቡ አውቄዋለሁ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ሰውዬው ራሱ፣ ምንም ሳልለው፣ ቦታ የምቀይር መስሎት ጨርቄን ጠቅልሎ ሊያነሳልኝ ጀምሯል። ተቀበልኩትና እዚያው ከጎኑ መልሼ ዘረጋሁት።

ተፈትቼ ዛሬ ቡራዩ አስተምራለሁ። ያን የፅንስ ምዕራፍ ስጀምር ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል፤ አመል ሆኖብኛል። ማን እንደነገረብኝ አላወቅሁም፣ የልጁን መወለድም አልሰማሁም። ብቻ ተማሪ እጁን ሲያወጣ፣ የማን ልጅ ነው ሳልል እመልሳለሁ።