የሐያት ሆድና የሐያት ደረት

ልጄ ሐያት ስትስቅ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ያየነው ምልክት ይኸው ነበር። ጭሮ ከተማ ባለችው የልብስ ሱቃችን ባንኮኒ ሥር ተደብቃ ደንበኛ ታስደነግጥና በሳቅ ትፈርሳለች፤ ሳቁ ሳያልቅ ሳሉ ይከተላል። ብርድ መስሎን ዝንጅብል በማር አፈላንላት። እኔም እንዳታስል ብዬ እሷን ማሳቅ ተውኩ። እናቷ ዘይነባ ግን ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ውስጧ ያፏጫል» አለችኝ።

አንድ ቀን ከሚኤሶ፣ ከዘመድ ጥየቃ ስንመለስ የጭነት መኪናዎች አቧራ ሚኒባሱን ሞላው። ሐያት ዝም አለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ ጠቆረ። «አባ» ልትለኝ ፈልጋ አልቻለችም። ጮህኩ። ሹፌሩ «አብሽር፣ አይዞህ!» ብሎ ጥሩምባውን እየነፋ ነዳ። መውረጃው ያለፈበት ተሳፋሪ ሁሉ አብሮን ቀጠለ። እስከ ሆስፒታል በር አደረሱን።

ኦክስጅን አደረጉላት። ኔቡላይዘር በሚባለው፣ መድኃኒት እንደ ጉም አድርጎ በሚያስተነፍስ መሣሪያ የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ሰጧት። እጇ እጄን ጨበጠ። ያኔ አለቀስኩ።

«አስም ነው» አለችን የሕፃናት ሐኪሟ።

ከዚያ በፊት ሆዷን ሲያማት አንድ ክሊኒክ ሰገራዋን መርምሮ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እንዳለባት ነግሮን ነበር። «ዶክተር፣ ያፈናት እሱ ነው። እሱን አጥፉልን» አልኳት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እንዲያውም አንዳንድ ጥናቶች ባክቴሪያው ባለባቸው ልጆች ላይ አስም ቀነስ ብሎ እንደሚታይ ይጠቁማሉ። ሌሎቹ ደግሞ ግንኙነት አላገኙም። ስለዚህ አስሙን አመጣ ብለን አንቲባዮቲክ አንሰጣትም፤ ከአስም ይጠብቃታል ብለንም አንተማመንበትም። ሆዷን ለብቻው እናየዋለን። አሁን የሚታከመው ደረቷ ነው።»

«ቤት በአፏ ትሳበው ያላችሁት ፓፍ ሱስ አይሆንባትም?» አለች ዘይነባ።

«አይሆንባትም እናቴ።»

ነርሷ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበትና ሐያት በጠርሙሱ አፍ በኩል መድኃኒቱን እንዴት ቀስ ብላ እንደምትስብ አሳየቻት። ልጄ ጠርሙሱን ቤት ወስዳ ቢራቢሮ ሳለችበት፤ ቤክሎሜታዞን የሚባለውን የሚሳብ መከላከያ መድኃኒትም ጠዋትና ማታ እየወሰደች፣ አፏን እየተጉመጠመጠች፣ እኛም አቧራ የሚይዘውን ምንጣፍ አንሥተን የከሰሉን ጭስ ከምትተኛበት እያራቅን፣ ሳሉ ቀስ በቀስ ከቤታችን ወጣ። የሆዷ ሕመም ደግሞ ቁርስ ሳትበላ ትምህርት ቤት መሄዷን ስታቆም ተሻላት፤ ሐኪሟም ስለ ባክቴሪያው መድኃኒት አላዘዘችም።

ስማቸውን ላልጠየቅኳቸው ተሳፋሪዎች፣ ለሹፌሩ፣ ለሐኪሟና ለነርሷ አላህ መልካሙን ይክፈላቸው። ልጃችሁ ስትሮጥ ወይም ስትተኛ የምታስል ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩዋት። በሰገራ ምርመራ ባክቴሪያ ተገኘ ስለተባላችሁ ብቻ በራሳችሁ ፋርማሲ አትሂዱ። ደህና ሆነች ብላችሁም መከላከያውን አታቋርጡባት።

ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ ከጓደኞቿ ጋር ግቢውን እየዞረች ትሮጣለች። «በቃሽ» ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አጥሩን ተደግፌ እስኪበቃት ጠበቅኳት።