ላዩን ጠብቂልኝ

እርጥብ አሸዋ በሸተተኝ ቁጥር እግሬ ይቀዘቅዛል። ልጅ እያለን፣ ሐዋሳ አጠገብ ካለችው ቱላ በታች ባለው ወንዝ ዳር፣ አንድ እግራችንን አሸዋ ውስጥ ቀብረን ላዩን በመዳፋችን እየደበደብን ቤት እንሠራ ነበር። ጨዋታው ያለው እግር ማውጣቱ ላይ ነው። ቀስ ብላ ያወጣች ጣሪያዋ ይቆምላታል፤ የቸኮለችው ይደረመስባትና እንስቅባታለን።

እናቶቻችን እዚያው አጠገባችን፣ ከወንዙ ዳር ገደል፣ የሚሸጥ አሸዋ ያወጡ ነበር። የገደሉ ላይኛው ክፍል አፈር ስለሆነ ጥሩው አሸዋ የሚገኘው ከስሩ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ አካፋዋን ይዛ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ውጭ ሆነው በወንፊት ይነፋሉ። "ዛሬን ብቻ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ እንጀምራለን" ትል ነበር እናቴ፣ በየቀኑ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ቤቴን ሠርቼ እግሬን ሳወጣ ጣሪያው ተሰነጠቀብኝ። ተናድጄ ቀና ስል፣ እናቴ ከገባችበት ገደል አናት ላይ፣ ከሳሩ ዝቅ ብሎ፣ እንደዚያው ያለ ስንጥቅ አየሁ። ደቃቅ አፈር እየተንጠባጠበ ነበር። የአካፋዋ ድምፅ ከውስጥ ይሰማኛል። ሮጬ የእትዬ አስቴርን ቀሚስ ያዝኩና ወደ ላይ ጠቆምኩ። እሳቸውም ወንፊቱን ወርውረው እናቴን በወገቧ ጎተቷት።

ገደሉ ተናደ። አቧራው ሲገለጥ ሁለቱም ወድቀዋል፤ እናቴን አፈሩ እስከ ጉልበቷ ውጧታል። በእጃችን እየጫርን አወጣናት። አካፋዋ እዚያው ቀረ። ልብሷን ካራገፈች በኋላ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ከነገ ጀምሮ አንቺ ላዩን ጠብቂልኝ።" ቁፋሮውን እንደማትተወው ገባኝ፤ ፈራሁም፣ ተናደድኩባትም። ከዚያ ወዲህ የአሸዋ ቤት አልሠራሁም።

ዘንድሮ ስለ አሸዋ ማውጣት ላጠና መጠይቅ ይዤ ወደዚያው ወንዝ ተመለስኩ። ያኔ ከቁርጭምጭሚታችን የማያልፈው ውሃ አሁን ጉድጓድ ለጉድጓድ ተኝቷል። የተጫወትንበት አሸዋ በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሐዋሳ ፎቅ ሆኗል፤ ገደሉም ስሩ በመቆፈሩ ከድሮው በጣም ከፍ ብሏል። ከስሩ አንዲት ወጣት ብቻዋን ትቆፍራለች። ለምን ከስር እንደምትቆፍር ጠየቅኳት።

"ጥሩው ከስር ነው፣ እትዬ። ዛሬን ብቻ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ እንጀምራለን።"

እንድትወጣ ለመንኳት። መኪናው ሊመጣ ነው አለችኝና ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች። መጠይቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ወደ ኋላ ራቅ ብዬም የገደሉ አናት የሚታየኝ ቦታ ቆምኩ።

"በይ ቶሎ ጨርሺ" አልኳት። "ላዩን እኔ እጠብቅልሻለሁ።"