ነጭ ጋዝ የጠጣ ሞተር

ጽዱ የሚለውን ስም ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ለቀልድ። ግራሶ የሚጸየፍ መካኒክ ውሃ እንደጠላ አሣ ነው ይሉታል። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት እጁን በሰጋቱራ ያሻል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥፍሩን ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል። ከእድፍ ይልቅ የሚያቅለሸልሸው ግን የግምት ሥራ ነው። “ይሄ ይመስለኛል” እያለ ዕቃ የሚቀይር መካኒክ ሲያይ፣ አስተናጋጅ ያልታጠበ ሳህን ያቀረበለት ያህል ፊቱ ይጨማደዳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ መኪናዋን አስገፍታ መጣች። ወደ ስልሳ የሚጠጋት፣ ቤት ለቤት እየዞረች ቁስል የምትጠርግና መርፌ የምትወጋ ሴት ናት።

“ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም” አለችው። “ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ለምኜ ለምኜ ይነሳልኛል። ጠዋት ግን እንዳኮረፈ ልጅ ነው።”

“ሌላ ቦታ አሳይተውት ነበር?”

“ሁለት ጋራዥ። አንዱ ካንዴላ ቀየረልኝ። ሌላው የነዳጁ ፓምፕ ነው ብሎ እሱን ቀየረ። ትናንት አንዲት በሽተኛዬ ቁስሏ ሳይጠረግላት ዋለ። ዛሬ ማለዳ በእግሬ ሄጄ ሳያት ሸቷል።”

ጽዱ ከሥሩ ፓምፑ ያለበትን የኋላውን ወንበር አነሳ። ፓምፑን የቀየረው ሰው የሽቦውን መጋጠሚያ በፌስታል ቁራጭ ጠምጥሞ ትቶታል። በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው፣ ፌስታሉን አንስቶ ጣለውና ሽቦውን በወጉ አሰረ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ።

“ቁልፉን ያዙሩልኝ።”

ሞተሪኖው ሞተሩን በጉልበት አሽከረከረው፤ ባትሪውም ሞተሪኖውም ደኅና ናቸው ማለት ነው። ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰማ። ግፊቱን ለካ፤ ልክ ነው። አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ሞከረው፤ ሰማያዊ እሳት ይተፋል፣ ጫፉ ግን በነዳጅ ርሷል። እሳት አለ፣ ነዳጅም ይደርሳል፣ አይነድም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው ብሎ አሰበ፤ ካንዴላውም ፓምፑም ያለ ኃጢአታቸው ነው የተነቀሉት። ከመደርደሪያው ንጹሕ ቤንዚን ያለባትን ጠርሙስ አምጥቶ በአየር ማስገቢያው በኩል ጥቂት ረጨና እንደገና አስዞራት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ሦስት አራት ሰከንድ አጓርቶም ጠፋ።

“ሞተርዎ ጤነኛ ነው” አላት። “የሚጠጣው ነው የከፋው።”

ቀጭን ጎማ ታንከሩ ውስጥ ከትቶ በአፉ ሳበ። በሥራ ዘመኑ ቤንዚን ስንት ጊዜ አፉ ገብቷል፤ ያቃጥላል፣ ይበርዳል፣ ይተናል። ይሄኛው ምላሱ ላይ እንደ ቅባት ተኛ። ተፋ፣ ተጉመጠመጠ፣ ደግሞ ተፋ። ከታንከሩ የወጣውን አንድ ጠብታ፣ ከራሱ ጠርሙስ ሌላ ጠብታ ወረቀት ላይ አኖረ። የራሱ ወዲያው ደርቆ ጠፋ። የታንከሩ ግን ቅባት እንደነካው ወረቀት ሰፋ ብሎ ቀረ።

“ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ከየት ነው የሚቀዱት?”

“ማዞሪያው ጋ ካለው ማደያ ነው። ከወንድምህ። ‘ታናሼ ጋ ይውሰዱት፣ እጁ ወርቅ ነው’ ብሎ የላከኝም እሱ ነው።”

አባታቸው ሲሞት ጽዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደገው፣ ሙያ ያስተማረው ታላቁ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ ብሎ እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ቀትር ላይ ከታንከሩ የቀዳውን በጠርሙስ ይዞ ማደያው ሄደ። ወንድሙ ጠባቧ ቢሮው ውስጥ፣ ማራገቢያ ፊት ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ነዳጅ ነዋ።”

“ነጭ ጋዝ ነው።”

“ትንሽ አለበት።” ጠርሙሱን በክርኑ ገፋ አድርጎ አንድ ፍንካች ጎረሰ። “ሁሉም ያደርገዋል። በዚህ የሞተ መኪና አለ? ቢበዛ ጠዋት ጠዋት ያስለዋል።”

“የነርሷ በሽተኛ ቁስሏ ሸተተ።”

“ታዲያ ላንተ አይደል የላክኋት?” ሳቀ፤ የብርቱካኑ ጭማቂ በአገጩ ወረደ፣ አልጠረገውም። “አንተ ልጅ፣ ሥራው ከየት የሚመጣልህ ይመስልሃል? ካምና ጀምሮ ጠዋት አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ ደጅህ የሚሰለፈው ዓይንህን ወዶ ነው? እኔ አሳምማለሁ፣ አንተ ታክማለህ። ሁለታችንም እንበላለን።”

ጽዱ እስካሁን ያስነሳቸውን መኪኖች በሐሳቡ ደረደረ። ባለ ታክሲው ትዝ አለው፣ መምህሩም፣ ያች ባለ ዳቦ ቤትም። ሁሉም ካንዴላቸው ጠቁሮ ነበር። ጠርጎ፣ አስነስቶ፣ አመስግነውት ሸኝቷቸዋል። ለምን ጠቆረ ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም። እሱም ሲገምት ነው የከረመው። አፉ ውስጥ የቀረው ቅባት ወደ ጉሮሮው ወረደ።

“እኔን ያሳደግኸኝም በዚህ ነው?”

“አይ፣ ያኔ በሌላ ነበር” አለ ወንድሙ፣ ሌላ ፍንካች እየቆረሰ።

ጽዱ ሌላው ምን እንደነበረ አልጠየቀም። ወጥቶ ከማደያው ጀርባ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ተደግፎ አስመለሰ።

ከሰዓት የነርሷን ታንከር አራግፎ አጠበ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ከሌላ ማደያ ባመጣው ቤንዚን ሞላላት። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

“ከእንግዲህ ከወንድሜ እንዳይቀዱ” አላት።

“ወንድምህ አይደል?”

“ነው።”

በዚያ ሳምንት ባለ ታክሲውን፣ መምህሩንና ባለ ዳቦ ቤቷን እየፈለገ አገኛቸው። የመኪናቸውን ሕመም ሳያውቅ እንደሸኛቸው፣ ሕመሙም ከየት እንደመጣ ለእያንዳንዳቸው ነገራቸው። መምህሩ አቀፈው። ባለ ታክሲው “አብራችሁ ስትግጡኝ ከርማችሁ” ብሎ እግሩ ሥር ተፋ። ጽዱ አልተከራከረውም፤ በእሱ ቦታ ቢሆን እሱም ይተፋ ነበር።

ወሬው ሹፌር ለሹፌር ተቀባበለ። ማደያው ጭር አለ፤ በሁለት ወሩ ወንድሙ ለሌላ ሰው አስረክቦ ከከተማው ማዶ አዲስ ከፈተ። እዚያም ይቀላቅል እንደሆነ ጽዱ አያውቅም፤ ሰው እየማለ አይቀላቅልም ይለዋል፣ እሱ አያምንም።

እናታቸው አስጠራችው።

“የወንድምህን ገመና አደባባይ አሰጣህ” አለችው።

“እማዬ፣ እኔ መኪና ነው የመረመርኩት።”

“ይህን ቤት የሠራልኝ እሱ ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያዬ ሲያፈስ የመጣውም እሱ ነው። አንተ እውነቱን ይዘህልኝ መጣህ። በእውነትህ የትኛውን ቀዳዳ ልድፈንበት?”

ጽዱ የገዛላትን የደም ግፊት መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ መሰላል ይዞ መጥቶ ጣሪያው ላይ ሲርመጠመጥ ዋለ፤ ያገኛት አንዲት የላላች ሚስማር ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣል። የወንድሙን መኪና ደጅ ላይ ቆሞ ካገኘ ግን አይገባም፤ ማዶ ካለው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እስኪወጣ ይጠብቃል።