አባቴ በቁሙ የተቀረጸ ዕለት

ፒያሳ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ደንበኞቼ እኛ በካሜራ ከቀረጽነው ሌላ ዘመድ አዝማድ በየስልኩ የቀረጸውን ሁሉ ሰብስበው ያመጡልኛል። አብዛኛው በቁሙ የተቀረጸ ነው። ሰፊው ስክሪን ላይ ሳስገባው መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ስልካችሁን አግድማችሁ ያዙ» እያልኩ ስመክር ኖሬያለሁ። ታናሽ እህቴ ግን አንድም ቀን ሰምታኝ አታውቅም።

እሷ ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት እዚሁ ከተማችን ታቦር ሰፈር ካለው የወላጆቻችን ቤት ደወለችልኝ።

«አባዬ አዳራሹ ውስጥ እንዲታይ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ፎቶው አይደለም። ሲንቀሳቀስ።»

አባታችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ተማሪ ፊት ቆሞ ዕድሜውን ቢጨርስም ካሜራ ሲያይ ሰው ኋላ ይደበቅ ነበር። የሁላችንንም ስልክ በረበርን። የተገኘው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ሰባት ሰከንድ። አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ሐይቅ ዳር ወርደው እህቴ የቀረጸችው ነው፣ ያው በቁሙ።

የዚያን ዕለት እኔ አልነበርኩም። አባቴ ደውሎ «ነይ እንጂ፣ ዓሣ እንብላ» ብሎኝ ነበር። የማስረክበው የሰው ሰርግ ነበረብኝና «ለሚቀጥለው እሑድ» አልኩት። ለሚቀጥለው እሑድም ሥራ ነበረኝ።

ቪዲዮው ላይ አባቴ ዛፍ ሥር ቆሞ ለአንድ አባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ ይወረውራል። ወፉ በዚያ ረጅም እግሩ እየተንገዳገደ ሲመጣበት ወደኋላ ሸሽቶ ይስቃል። ከዚያ ወደ ግራ ዞር ብሎ ከምስሉ ውጭ ላለ ሰው በሲዳምኛ አንድ ነገር ይናገራል። የሚለው አይሰማም፤ ንፋሱ ወስዶታል።

መጀመሪያ ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላሁት። ባርኔጣው ተቆረጠ፣ የሚወረውርበት እጁም ጠፋ። ቀጥሎ ደንበኞች የሚወዱትን ሠራሁ፤ የራሱን ምስል አስፍቼ፣ አደብዝዤ ግራና ቀኙን ሞላሁበት። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ጎንና ጎኑ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱ ራሱ ነው እማዬ። ደብዝዞ ነው።»

«ተይ» አለች። «አታደብዝዢብኝ።»

ማንን እንደሚያናግር የጠየቅኳት ያኔ ነው።

«እኔን ነዋ! አጠገቡ እኮ ነበርኩ። ንፋስ ነው፣ ጃኬትህን ልበስ አልኩት። ‹አንቺ ልበሺው› አለኝ።»

አባቴ በሚያወራበት አቅጣጫ፣ ከምስሉ ጠርዝ ሁለት እርምጃ አልፋ እናቴ ቆማ ነበር ማለት ነው። እህቴ ስልኩን አግድማ ይዛው ቢሆን ሁለቱም ምስሉ ውስጥ ይኖሩ ነበር።

በማግስቱ ካሜራዬን ይዤ ከእናቴ ጋር በባጃጅ ሐይቁ ድረስ ወረድን። ዛፉን በሰፊው ቀርጬ ጥቁሩን ቦታ ልሞላበት አስቤ ነበር። እናቴ ግን ሳልነግራት ሄዳ ቆመች።

«እዚህ ነበርኩ» አለች፤ እግሯን ትንሽ አስተካከለች። ፊቷን ማንም ወደሌለበት ወደ ቀኝ አዞረች። እኔም መቅረጼን ማቆም ረሳሁ።

ክፍሌ ተመልሼ ሁለቱን ገጣጠምኳቸው። የውሃው ቀለም አልመሳሰል አለኝ፣ የዛፉም ጥላ ቦታውን ለውጧል። ቢሆንም ጎን ለጎን ቆመዋል። ደስ ብሎኝ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

«እኔን አውጪኝ» አለች በመጨረሻ። «ያን ጊዜ እንዲህ አልነበርኩም። እየሳቅኩ ነበር።»

አወጣኋት።

የሰርጉ ቀን አባቴ እንደተቀረጸ፣ ጠባብ ሆኖ በመሀል ታየ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር። እህቴ ቬሏን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። አባቴ ወደ ግራ ሲዞር አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ቀስ ብላ በሲዳምኛ መለሰችለት፦

«እሺ፣ አምጣው በቃ።»

ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም።

ምሳ ላይ አጎቴ ጠጋ ብሎ «ሥራሽ ይሄ ሆኖ ጎንና ጎኑን እንዴት ሳትሞዪው ቀረሽ?» አለኝ።

«አልሞላ አለኝ» አልኩት።

በሳምንቱ እናቴ ስልኳን አምጥታልኝ ቪዲዮውን ጫንኩላት። በስልኩ ላይ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው፤ ጥቁር የለበትም። እሷም አሁን ስለ ጎንና ጎኑ አታነሳም። ስሄድ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው።

«ድምፁን ጨምሪልኝ እስቲ።»

ከመጨረሻው አድርሼዋለሁ። ሰሞኑን ቀን ቀን፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ላጠራው እየሞከርኩ ነው። ንፋሱን ስቀንሰው የአባቴም ድምፅ አብሮ ይቀንሳል። መልሼ እጨምረዋለሁ፤ ደግሜ አዳምጣለሁ።