እየተፎከረ የተረገጠው ባና

ፉከራ ስሰማ በር መዝጋት ልማዴ ነው። ዛሬም የድል በዓሉ ፉከራ ከአደባባይ ሲሰማ ዘጋሁ። ልጄ መውጣት አምሯት ቆማ ታየኛለች። ዝናብ የነካው አሮጌው ባናችን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ቤቱን በሱፍ ሽታ ሞልቶታል።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን አገራችን ሞላሌ ላይ በሰፈረ ጊዜ አባቴ ከአርበኞች ጋር ዋሻ ውስጥ ነበር። ብርዱ ሳይገድለው እናቴ ፈትላ ያሸመነችው ባና ሊደርስለት ይገባ ነበር። ሽመናው ጠበቅ እንዲል እኔና እናቴ ገንዳ ውስጥ በሙቅ ውኃ እየረገጥነው ሳለ፣ አጎቴ ደጅ ላይ «ዘራፍ!» ማለት ጀመረ። እናቴ ጎትታ አስገባችውና በሩን ቀረቀረች።

«አንተ፣ መሬቱን ከምትደበድብ ይኼን ርገጥልኝ!»

«የሴት ሥራ?» ብሎ ሳይጨርስ በሩ ተደበደበ። ባንዶች ነበሩ። አጎቴ ዘሎ ገንዳው ውስጥ ገባ።

«ማነው የሚፎክረው?» አለ አንዱ፣ እናቴ በሩን ስትከፍት።

«እኛው ነን ጌቶቼ፤ ባና ካልፎከሩበት አይጠብቅም» አለች እናቴ።

ባንዶቹ አጎቴን አይተው ስቀው ሄዱ። እሱም እስኪመሽ ረገጠ። አባቴ ያን ክረምት ባናውን ለብሶ አለፈው። ከነጻነት በኋላ አጎቴ በየበዓሉ ፎከረ፤ ባናውን ግን በፉከራው አንስቶት አያውቅም።

ባናውን ልጄ ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁላትና በሩን ከፈትኩ።

«ሂጂ። ከጠየቁሽ፣ አያቴ የሠራችው ነው በያቸው።»