ባለቤት ያጡ ድንጋዮች በቆቦ መንገድ ዳር

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ ስልሳ ስድስት። የመጨረሻውን በሬያችንን በአንድ ቁና ማሽላ ለውጠነው፣ ማሽላውም ካለቀ ሰንብቷል። ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ እህል ይታደላል ሲባል እኔ፣ እናቴና ወንድሟ አጎቴ ይማም ጠዋት ከዋጃ ተነሣን።

ሜዳው ላይ አገዳ እንኳ አልቀረም። የመንገዱ ዳር እሾህና ቦይ ስለሆነ እግረኛው ሁሉ የሚሄደው በመኪናው መንገድ ላይ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ወደ ቦዩ እንወርዳለን፣ ሲያልፍ እንወጣለን። እናቴን መውጣቱ አቃታት። አጎቴ እጇን ይዞ፣ "አይዞሽ እታለም፣ ደረስን" ይላታል፤ ሳንደርስ።

ረፋድ፣ ቆቦ

ተራው ከመናኸሪያው በር ጀምሮ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ተዘርግቷል። ሰው ግን ብዙም አልቆመበት፤ የተደረደረው ድንጋይ ነው። አቅም ያነሰው ድንጋዩን በቦታው ተክቶ ጥላ ይፈልጋል። የሰው ድንጋይ የሚነካ የለም። ጥላው ግን ከመንገዱ ማዶ ያለችው ግራር ብቻ ነበረች።

ለአጎቴ ነጭ፣ ለእናቴ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ "የኔ ድንጋይስ ከኔ ይሻላል፣ አይርበውም" አሉ። እናቴ ሳቀች። ግራሩ ሥር አስቀምጠናት እኛ ወደ ተራው ተመለስን።

ቀትር ላይ ተራችን ደረሰ። ባለድንጋዩ ራሱ ካልቀረበ አይሰፈርለትም።

"እማ፣ ነይ!" ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ።

እየተጣደፈች መንገዱ መሐል ስትደርስ እህል የጫነ መኪና ከጎብዬ በኩል መጣ። ጥሩንባውን ሰምታለች፤ እግሯ ግን እንደ ጠዋቱ አልታዘዛትም።

ሽማግሌው "ኢና ሊላሂ" ብለው ኩታቸውን አለበሷት።

በማግሥቱ፣ ወደ ዋጃ

ቆቦ ቀበርናት። አጎቴ የተሰፈረችለትን ስንዴ ተሸክሞ፣ እኔ ነጠላዋን ይዤ ተመለስን። ጥሩንባ በሰማ ቁጥር እጄን ይጨብጠኛል። ቤት ስንደርስ፣ "ባልጠራት ኖሮ" አልኩት።

"አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። ጥላው ወዲያ፣ እህሉ ወዲህ ሆኖ ነው" አለኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ከተማ ስገባ፣ አስቀድሜ የማየው እግረኛው በየት እንደሚያልፍ ነው።

እናቴ በሞተች በሳምንቱ አጎቴ ወደ ቆቦ ተመለሰ። ባለቤቶቻቸው ያልመጡ ድንጋዮች እዚያው ቀርተዋል። ባለቤቶቹ ወገን እንዳላቸው ሦስት ቀን ጠየቀ። ከዚያ አዳዮቹን ለምኖ ተራውን ወደ ግራሩ ወገን አዞረ፣ ከመንገዱ ዳር እሾሁን መነጠረ፣ ድንጋዮቹን በመኪናውና በእግረኛው መሐል አንድ በአንድ ደረደራቸው። የእናቴን ጥቁር ድንጋይ ግራሩ ፊት ለፊት አደረገው። ጨርሶ ወደ ቤቱ መጣ።