የሙሽራ ቀሚስ የለበሰው ፊደል

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ ከግቢያችን መንገድ ዳር ባለችው ክፍል የሙሽራ ልብስ ስፌት ከፈተች። የስፌት ቤቱን ስም ለማንም አልነገረችም። በመክፈቻው ዕለት ታፔላውን በነጠላ ሸፍና ጎረቤቱን ሰበሰበች። ከዚያ ነጠላውን ሳበችና፣

«አባባ፣ አንተ አንብብልን!» አለች።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቢሆንም የቤቱ አንባቢ እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ «ሀ» የሚባለውንም አትለይም። ቀና አልኩ። ፊደል የለም። የሚታየኝ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጭራው ወዲያ ወዲህ የሚጠማዘዝ ወርቃማ ነገር ነው።

«ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ» አልኩ።

ራሷ አነበበችው። ለካ የእናቷ ስም ነው! ሰዉ አጨበጨበ፣ ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔ ቀዘቀዝኩ። ያንን ስም እኮ ከየትኛውም ጽሑፍ መሃል ለቅሜ አወጣው ነበር። አንድ ጎረቤታችን ዓይኑ የጠፋው እንዲሁ ነው፤ «ፀጉር ፀጉር ይታየኛል» ሲል ከርሞ በሰው እጅ መመራት ጀመረ።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሌላ ጽሑፍም እንዳላይ አንገቴን ደፍቼ መሄድ ያዝኩ፤ እሱም እምቢ ቢለኝስ? ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ መውጣቴን ተውኩ፤ ገደል እገባለሁ ብዬ። ሐኪም ቤትማ አልሄድም። የሚሉኝን አውቀዋለሁ።

«ሰነፍክ እንጂ» ትለኛለች ባለቤቴ።

አንድ ቀን ከሰዓት የሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ወጣት መጣች። ታፔላው ሥር ቆማ፣ «ይቅርታ አባባ፣ ከሲግናል ሰፈር ነው የመጣሁት፤ እዚህ ሰፈር የሙሽራ ልብስ ቤት ያውቃሉ?» ብላ የባለቤቴን ስም ጠራች።

«ቀና በይ» አልኳት።

ቀና አለች። አየች፣ አየች። «ይሄ? ይሄ ጽሑፍ ነው እንዴ? እኔ ሐረግ መስሎኝ!»

«ዓይንሽን ያምሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ምነው አባባ?»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ባለቤቴ «ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» እያለች ወጣች። የደበቅኩትን ሁሉ እዚያው ዘረገፍኩላት።

«ስሜን ማንበብ አቅቶህ ነው ዓይኔ ጠፋ ያልከው? እንደሱ ከሆነ የኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ጠፍቷላ!»

ልጄ ግን ከውስጥ ሰምታ ወጣችና ተቆጣች። «የፊደሉ ፎንት እኮ የሙሽራ ነው፤ እንዲያምር ነው!»

እውነት ለመናገር፣ ፍርሃቱ ሲለቀኝ ሳየው ያምራል። ጭራው መሬት ላይ እንደሚጎተት ቬሎ ነው። ማማሩን ያምራል፤ አይነበብም እንጂ። ይህንኑ ነገርኳት። ከሥሩ በደህናው ፊደል አስጽፊበት ብላት እምቢ አለች። በማን ወጣች!

በማግስቱ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ያገኘሁትን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የሄድኩት፤ «ዳቦ ቤት»፣ «ጎሚስታ»፣ «የሚከራይ ክፍል አለ»። ባሕር ዛፉ ጫካ ጋ ስደርስ የሚነበብ አለቀብኝ።